«ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ለጠየቀችን ልጅ መልስ አጥተን የጻፍነው ግልጽ ደብዳቤ

ለዋና ስፖርት ፌዴሬሽኑ የቴክኒክና የዳኞች ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ታዳጊ ዋናተኞችን ከውድድር ውጪ የማድረግ አሠራርን ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

የአክብሮት ሰላምታችንን አስቀድመን በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። በዘንድሮው የውድድር ዘመን መግቢያ ላይ ኮሚቴያችሁ ለክለቦች በሙሉ አንድ ሰርኩላር በትኗል። ሰርኩላሩ ሦስት ነገሮችን ይደነግጋል። ከመነሻው ድምፅ በፊት የተነሳ ዋናተኛ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ከውድድር ውጪ ይሆናል። ጥፋቱ በዝርዝር ይጻፍበት የነበረው ቅጽ «ጊዜ ስለሚፈጅ» ቀርቶ በውጤት ወረቀቱ ላይ «ከ/ው» የሚል ምልክት ብቻ ይሰፍራል። ቅሬታ ያለው ክለብ ደግሞ ውድድሩ ካበቃ በኋላ ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ፣ በቡድን መሪው ፊርማና ከማስያዣ ገንዘብ ጋር ያቀርባል።

ሰርኩላሩ በገንዳው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አነበብነው፤ ዓመቱን ሙሉም ታዘዝነው። አሁን የውድድር ዘመኑ እየተገባደደ ነው። በዚሁ ጉዳይ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ጽፈን መልስ ስላላገኘን ይህን ሦስተኛውን በይፋ ለማውጣት ተገደናል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅልን። ያለጊዜው የተነሳን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተውን፣ የአንድ ጊዜ መነሻ የሚባለውን ሕግ አንቃወምም። ከመካከላችን በአሮጌው ሕግ የዋኘን አለን። ያኔ ብዙዎቻችን ፎልስ ስታርት የምንለው ያለጊዜው መነሳት መጀመሪያ ሲፈጸም በማስጠንቀቂያ ይታለፍ ነበር። ተንኮለኛው ሆን ብሎ ይዘላል፤ ሌላው ተከትሎት ውሃ ውስጥ ይገባና እየተንቀጠቀጠ፣ ልቡ ተሰቅሎ ወደ መነሻ መድረኩ ይመለሳል። አዲሱ ሕግ ከዚያ ጨዋታ ገላግሎናል። ትልቅ ትንሽ እንደማይልም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የኦሊምፒክ ሻምፒዮንና የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ኢያን ቶርፕ በአውስትራሊያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ላይ ሚዛኑን ስቶ ከመድረኩ ወደ ውሃው ወደቀ። ከውድድር ውጪ ተደረገ፤ ይግባኙም ተቀባይነት አላገኘም። አቴንስ ላይ ወርቅ ያጠለቀው የአገሩ ልጅ ክሬግ ስቲቨንስ ቦታውን ስለለቀቀለት ነው። ውሳኔው የብዙ ሰው ልብ ቢሰብርም ቶርፕ ምን እንዳጠፋ ያልገባው ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚሁ ሕግ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያነሳው የሲድኒውን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኦሊምፒክ፣ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ፣ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ብቻውን ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ጨረሰ፤ ዓለምም ቆሞ አጨበጨበለት። ብቻውን የዋኘው አብረውት በመድረኩ ላይ የነበሩት ሁለቱ፣ አንዱ ከኒጀር አንዱ ከታጂኪስታን፣ ያለጊዜያቸው ተነስተው ስለተሰናበቱ ነው። የሙሳምባኒን ስም ሁሉም ያውቃል። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው አንድ ጊዜ እንኳን ሳይዋኙ ስለተመለሱት ሁለቱ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ይህ ደብዳቤ የሚያወራው እንደ ሁለቱ ስላሉት ነው፤ የእኛዎቹ ደግሞ ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን አነሳሱን ራሱን ይመለከታል።

በዓመቱ ሁለተኛ ውድድር፣ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ፣ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ስድስተኛው መስመር ላይ ቆማ ነበር። ዋና ዳኛው አጫጭር ፊሽካዎቹን ነፋ፤ ቀጥሎ ረጅሙን፤ ልጆቹ መድረኩ ላይ ወጡ። እጁን ዘርግቶ ሥልጣኑን ለአስጀማሪው አስረከበ። አስጀማሪው «በየቦታችሁ» አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ልጅ ግን መነጽሯን እያስተካከለች ስለነበር አላጎነበሰችም። አስጀማሪው ይህን አየና በዚያው የድምፅ ማጉያ፣ በዚያው ቃና፣ «ቁሙ!» አለ። የስድስተኛዋ መስመር ልጅ ዘለለች። ጆሮዋ የሚጠብቀው ድምፅ ነበር፤ ድምፅ መጣ፤ ሄደች።

የሆነውን በዓይናችን አይተናል። ከገንዳው ግማሽ አልፋ ዋኘች። ተመልካቹ እንድትቆም ይጮኻል፤ እርሷ የሚያበረታቷት መስሏት እግሯን አጠነከረች። ጫፍ ደርሳ ግድግዳውን ነክታ ዘወር ስትል ሌሎቹ ሰባቱ ልጆች ደርቀው፣ መድረኩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። አንዲት ረዳት ዳኛ በጠርዙ እየሄደች መጥታ በእጇ «ውጪ» አለቻት። ልጅቷ ፎጣዋን ተከናንባ ወደ አሠልጣኟ መጥታ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን አጥፍቼ ነው?» አሠልጣኟ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄዶ ሲጠይቅ «ወረቀቱ ላይ ይወጣል» ተባለ። ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ «ከ/ው» ይላል።

እዚህ ላይ የሕግ ክርክር አለን። የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን የወርልድ አኳቲክስ ሕግ ከመነሻው ምልክት በፊት የተነሳ ዋናተኛ ከውድድር ሊሰናበት ይችላል እንደሚል እናውቃለን። ነገር ግን ልጅቷ የዘለለችው የአስጀማሪውን ትእዛዝ ሰምታ ነው። የአሜሪካ የዋና ፌዴሬሽን የውስጥ ሕግ ለዚህ መልስ አለው፦ ዋናተኛው የተነሳው «ቁሙ» ለሚለው ትእዛዝ በሰጠው ምላሽ ከሆነ ከጥፋቱ ነጻ ሊደረግ ይችላል። በዚሁ ሕግ አስጀማሪው ብቻውን አይቀጣም፤ ዋና ዳኛውም ራሱን ችሎ ያንኑ ማየት አለበት። ሁለቱ ያዩት ካልተገናኘ ቅጣት የለም። ወደ ትልቁ መድረክ እንሂድ ካላችሁም የለንደን 2012 ኦሊምፒክ አለላችሁ። በ1500 ሜትር ፍጻሜ ቻይናዊው ሱን ያንግ ከተመልካቹ በኩል በተሰማ ድምፅ ተረብሾ ምልክቱ ሳይሰጥ ውሃ ውስጥ ገባ። ዳኞቹ የሆነውን ተረድተው አላባረሩትም። ተመልሶ ወጥቶ በ14 ደቂቃ ከ31.02 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ለኦሊምፒክ ፍጻሜ ተወዳዳሪ የተደረገ ማስተዋል ለ11 ዓመት ልጅ ምን ከለከለው?

ስለ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ይህን እንጨምር። ውድድሮቻችን በሚካሄዱበት ገንዳ ያለው የድምፅ ማጉያ አንድ ሲሆን የሚቀመጠውም አንደኛው መስመር አጠገብ ነው። መስመሮቹ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር ስፋት ስላላቸው ከአንደኛው መስመር መሐል እስከ ስምንተኛው መሐል 17.5 ሜትር ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስምንተኛው መስመር ላይ ያለው ልጅ ምልክቱን የሚሰማው አንደኛው ላይ ካለው አምስት መቶኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው ማለት ነው፤ ውጤቱ ደግሞ የሚለየው በመቶኛ ሰከንድ ነው። በትልልቅ ውድድሮች በየመነሻ መድረኩ ሥር ድምፅ ማጉያ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

ነገሩ በመዘግየት ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ዝም ባልን። ዳር ላይ መዋኘት የለመዱ ልጆች ይህን ያለ ፊዚክስ ትምህርት ደርሰውበታል፤ ድምፁን ሳይጠብቁ በአጠገባቸው ያለውን ልጅ ትከሻ እያዩ ይነሳሉ። ጎረቤታቸው በትንሹ ሲወዛወዝ እነርሱ ውሃ ውስጥ ናቸው። የሰባተኛና የስምንተኛ መስመር ልጆቻችን ደጋግመው «ከ/ው» ሲባሉ ችኩሎች እንዳይመስሏችሁ። አስጀማሪው ልጆቹን አጎንብሰው እያሉ አለመጠን ሲያቆያቸው ደግሞ ይብሳል። ሕጉ ሁሉም ጸጥ ብለው ሲቆሙ ምልክቱ ይሰጥ ይላል፤ ጸጥ ካሉ በኋላ የመጨረሻው ልጅ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ይጠበቅ አይልም። እግሩ ሳይንሸራተት ጣቱን በመድረኩ ጫፍ አጥብቆ፣ ጭንቅላቱን ቁልቁል ደፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅን የ10 ዓመት ልጅ አስቡት።

መስማት የተሳነው ልጃችን ጉዳይ ከሁሉም ይከብደናል። ይህ ልጅ የሚነሳው በብርሃን ምልክት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሲድኒ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ደረት ቀዘፋ የብር ሜዳልያ ያገኘው ደቡብ አፍሪካዊው ቴረንስ ፓርኪን መስማት የተሳነው ሲሆን የሚነሳው መብራት አይቶ ነበር። ለልጃችን መብራቱ እንዲዘጋጅ በቴክኒክ ስብሰባው ላይ ጠይቀን «ይዘጋጃል» ተብሎ ተመዝግቧል። በውድድሩ ቀን መብራቱ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉን የያዘው ሰው አልተገኘም። አስጀማሪው «እጄን ይይ» አለ። ልጁ እጁን አየ። አስጀማሪው ምልክቱን ከመስጠቱ በፊት በዚያው እጁ የማይክሮፎኑን ገመድ ሲያስተካክል ልጁ ተነሳ። ከ/ው። እናቱ በዚያ ቀን የተናገረችውን እዚህ አንጽፍም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ አዋዋን ጥፋቶች ነው። የቀረው ቅጽ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

የደረት ቀዘፋን የሚያውቅ ሰው አንድ ልጅ በዚህ ቀዘፋ በስንት መንገድ ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃል። እግሩን እንደ መቀስ ይመታል። ከመነሻ ወይም ከመታጠፊያ በኋላ የተፈቀደለትን አንዱን የዶልፊን ምት፣ ማለትም ሁለቱን እግር ገጥሞ ወደ ታች መምታትን፣ ሁለት ያደርገዋል። በሁለት እጁ እኩል መንካት ሲገባው አንዱ ይቀድማል። ጭንቅላቱ በሁለተኛው ቀዘፋ ውሃውን ሳይሰነጥቅ ይዘገያል። አንድ የ12 ዓመት ልጃችን በ100 ሜትር ደረት ቀዘፋ «ከ/ው» ተባለ። አሠልጣኙ ምክንያቱን ስላልተነገረው ገመተ፤ ልጁ ቀድሞም እግሩ ላይ ችግር ስለነበረበት «እግሩ ነው» አለ። አራት ሳምንት ሙሉ ልጁ ጣውላ ይዞ እግሩን ብቻ ሲሠራ ከረመ። ጉልበቱ እስኪያብጥ ሠራ። በቀጣዩ ውድድር ላይ እንደገና «ከ/ው» ተባለ። በዚያ ቀን አንድ ደግ ዳኛ፣ ሰርኩላሩን ተላልፎ መሆኑ ነው፣ አሠልጣኙን ወደ ጥግ ወስዶ «እግሩ ምንም አላለም፤ ሲታጠፍ ግራ እጁ ነው ቀድሞ የሚነካው» አለው። ጉዳዩ በአንድ ልምምድ ተስተካከለ። ያን ዳኛ ስሙን አንጠቅስም፤ እናመሰግነዋለን ብንል ደግሞ በእርሱ ላይ ምስክር መሆናችን ነው።

ቅጹ ለመሙላት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ይሆናል። ልጁ የከፈለው ግን አራት ሳምንት ነው።

በአቴንስ 2004 ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ጀርባ ቀዘፋ አሜሪካዊው አሮን ፒርሶል ሁሉንም ጥሎ ቀድሞ ገባ። ወዲያው በመታጠፊያው ላይ አጥፍቷል ተብሎ ከውድድር ውጪ መሆኑ ተነገረ። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ወርቁ ተመለሰለት። የተመለሰለት የዳኛው ሪፖርት ጥፋቱን በበቂ ሁኔታ ስላላብራራ ነው። በኦሊምፒክ ፍጻሜ በቂ ማብራሪያ የጎደለው ሪፖርት የማይጸና ከሆነ፣ ሁለት ፊደልና አንድ ጭረት በልጆች ላይ እንዴት ይጸናሉ?

የተገላቢጦሹንም እናውቃለን። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ አንድ ዋናተኛ አራቱንም ቀዘፋ በየተራ በሚዋኝበት በ200 ሜትር የግል ድብልቅ ቀዘፋ ፍጻሜ አሜሪካዊቷ አሌክስ ዋልሽ ሦስተኛ ሆና ከገባች በኋላ ከጀርባ ወደ ደረት ቀዘፋ ስትሸጋገር ግድግዳውን ሳትነካ ወደ ፊት ተገልብጣለች ተብሎ ከውድድር ውጪ ሆነች። የነሐስ ሜዳልያውም አራተኛ ለገባችው ለአውስትራሊያዊቷ ኬይሊ ማኪዮን ተሰጠ። ከዚህ የከበደ ቅጣት ማሰብ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ምን እንደተፈጸመ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደተፈጸመ ተነግሯል፤ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያየው ሰው እንኳን አውቆታል። እኛ ካሜራ አምጡ አላልንም። የምንለው ያየውን የሚጽፍ ዳኛ ይኑር ነው።

ዳኛው ምን ማየት ይችላል የሚለውንም አብረን ማንሳት አለብን። በውድድሮቻችን ብዙ ጊዜ አንድ የቀዘፋ ዳኛ ስምንት መስመር ይጠብቃል። አንደኛው መስመር ጠርዝ ላይ ቆሞ የሰባተኛውን ልጅ እግር በውሃው ነጸብራቅ ውስጥ አየሁ ሲል ለማመን እንቸገራለን። ዳኛው ጥፋት ሲያይ እጁን ወዲያው ያንሳ የሚባለውም ለዚሁ ነው። እጁን ያነሳ ዳኛ አየ ማለት ነው፤ ውድድሩ ካበቃ በኋላ ከጓደኛው ጋር ተማክሮ የሚያስታውስ ዳኛ ግን ምን እንዳየ ራሱም እርግጠኛ አይደለም። ልጁ አጥፍቷል አላጠፋም በሚለው ላይ ጥርጣሬ ካለ ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን የሚለው የዳኝነት ልማድ በእኛ ገንዳ የጠፋ ይመስላል።

በቅብብል ላይ ያየነውን በአጭሩ እንለፈው፣ ማለፍ ከተቻለ። አራት ሴቶች ልጆች በ4 በ50 ሜትር ቀድመው ገብተው ሲተቃቀፉ ቡድኑ «ከ/ው» መሆኑ ተነገረ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከፊት ያለችው ግድግዳውን ሳትነካ የቀጣይዋ እግር ከመድረኩ ከተነሳ የአንዷ ጥፋት የአራቱም ነው። በዚህ አንከራከርም። የትኛዋ እንደሆነች ግን አልተነገረም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሦስቱ በዕድሜ ትንሿ ላይ አነጣጠሩ፤ እርሷም ሳታውቅ ተቀበለችው። እስከ ዛሬ በቅብብል አልዋኝም ትላለች። እርሷ መሆኗን ግን እኛም አናውቅም፤ እናንተም አልነገራችሁንም።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ ይግባኙ ነው። የ30 ደቂቃው ገደብ ከዓለም አቀፉ ሕግ የተወሰደ መሆኑን እናውቃለን፤ በራሱም ትክክል ነው። ችግሩ ሰዓቱ የሚቆጠረው ውድድሩ ካበቃበት ሆኖ የውጤት ወረቀቱ የሚለጠፈው ግን የዕለቱ መርሐ ግብር ሲጠናቀቅ መሆኑ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከውድድር ውጪ የሆነ ልጅ አሠልጣኝ ይህን የሚያውቀው ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ባልደረባችን ቅሬታውን ጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ማስያዣውን ይዞ ሲቀርብ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ተመልሷል። አልተነገረህም ግን ረፍዶብሃል ማለት ነው።

በለንደን 2012 የደቡብ ኮሪያው ፓርክ ቴ ህዋን በ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ያለጊዜው ተነስቷል ተብሎ ከውድድር ውጪ ሆኖ ነበር። ቡድኑ ወዲያው አቤት አለ፤ ተመርምሮ ውሳኔው ተሻረ፤ በዚያው ዕለት ማታ ፍጻሜውን ዋኝቶ ብር አገኘ። ቡድኑ የውሳኔውን ወሬ የሚሰማው ከአምስት ሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮስ? በቡዳፔስት 2022 የዓለም ሻምፒዮና በ50 ሜትር ጀርባ ቀዘፋ ፍጻሜ ቀዳሚ የሆነው አሜሪካዊው ጀስቲን ሬስም መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ከውሃ በታች ገብቷል ተብሎ ወርቁን ካጣ በኋላ ምስሉ ታይቶ ተመልሶለታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሕጉ ራሱ ተሻሽሎ፣ በመጨረሻዎቹ አምስት ሜትሮች ውስጥ ከውሃ በታች ሆኖ መጨረስ ተፈቀደ። የዓለም ሻምፒዮና ዳኞች ተሳሳትን ሲሉ ክብራቸው አልተነካም።

ዳኛው በዓይኑ ያየው ነገር ላይ ክርክር አይነሳም የሚለውን መርሕ እንቀበላለን። ዳኛው ምን እንዳየ ሳይነገረን ግን የአሠራር ስህተት ይኑር አይኑር እንኳን መለየት አንችልም።

የዋና ልብስንና ጌጣጌጥን የሚመለከቱ ስንብቶችም ነበሩ፤ እነዚህ ተወዳዳሪዎች ከውድድሩ በፊት በሚሰበሰቡበት መጥሪያ ክፍል ውስጥ ቢታዩ ኖሮ መድረክ ላይ የሚያለቅስ ልጅ አይኖርም ነበር። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አንጽፍም።

የራሳችንን ጥፋትም እንናገር። ዳኞቻችሁ አብዛኞቹ ያለ ክፍያ፣ በዚያ ሙቀትና የክሎሪን ሽታ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማሉ። ከመካከላችን ዳኛ ላይ የጮኸ አለ፤ በየካቲቱ ውድድር ላይ ፊሽካ ከእጅ ሊነጥቅ የሞከረውም ወላጅ የእኛ ነው፤ ይቅርታ ጠይቀናል፤ እዚህም እንደግመዋለን። ለልጆቻችን መዞርና መቅዘፍን ስናስተምር የመነሻውን ሥርዓት፣ ፊሽካውንና «ቁሙ» ሲባል ቀስ ብሎ መቆምን እንደ ተራ ነገር እንዘለዋለን። ይህን ለማረም ጀምረናል።

ስለሆነም የምንጠይቀው ይህን ነው። ጥፋቱ የተፈጸመበትን መስመር፣ ርቀትና ምክንያት የሚገልጸው ቅጽ ይመለስ፤ ያየው ዳኛ ይፈርምበት፤ ከልጁ አሠልጣኝም እጅ ይድረስ። የ30 ደቂቃው ሰዓት ቅጹ ለአሠልጣኙ ከተሰጠበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠር። ያለጊዜው መነሳት የሚቀጣው አስጀማሪውና ዋና ዳኛው በየግላቸው ሲያዩት ብቻ ይሁን፤ «ቁሙ» በሚል ትእዛዝ ወይም በውጭ ድምፅ የተነሳ ልጅ ወደ መድረኩ ይመለስ። ዓለም አቀፉ ሕግ አገር አቀፍ ፌዴሬሽን ለሕጻናት ውድድር የራሱን አሠራር እንዳያወጣ አይከለክልምና፣ ከ10 ዓመት በታች ላሉት የመጀመሪያው ስህተት በማስጠንቀቂያ ይታለፍ። ድምፅ ማጉያው በየመድረኩ እስኪገጠም ድረስ ቢያንስ ከአራተኛውና ከአምስተኛው መስመር ኋላ ይቀመጥ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ይበቃዋል። የብርሃን ምልክቱ ደግሞ መስማት የተሳነው ተወዳዳሪ በተመዘገበበት ውድድር ሁሉ መጀመሪያ የሚዘረጋ ዕቃ ይሁን፤ የመጋዘኑ ቁልፍም በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ። በመጨረሻም በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የስድስተኛው መስመር ልጅ፣ በ4 በ50 ሜትር ቅብብል አራቱ ልጆችና መስማት የተሳነው ልጃችን ለምን እንደተሰናበቱ የጽሑፍ መልስ ይሰጣቸው። ውጤቱ ይሻር አላልንም፤ ሜዳልያዎቹ ተሰጥተዋል፣ ያገኙትም ልጆች ናቸው።

የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ከጠራችሁን እንመጣለን፤ ቅጹንም አዘጋጅተን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የታዳጊ ዋናተኞች አሠልጣኞችና
የተወዳዳሪ ልጆች ወላጆች ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለክለቦች በሙሉ
ለአስጀማሪና ለመታጠፊያ ዳኞች
ለስድስተኛው መስመር ልጅ